ከአንድ ትሪ ዘጠኝ ሰው በልቶ አንዱ ብቻ ሞተ፤ የወሎ ባቡር ታሪኬን እርዱኝ

የጦሳ ልጅ (ክሩን የከፈተች) | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው። አስተማሪ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ታሪክ ስጽፍ ከረምኩ። የግድያ ምስጢር ነው፤ ግን ደም ደም የሚሸት አይደለም። ሰው ይሞታል፣ አሟሟቱ ላይ ግን ብዙ አንቆይም። እኔ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንድ ቦታ የተዘጋባቸው ሰዎች አሉ። ትንንሽ ፍንጮች አሉ። አንድ አስተዋይ ሰው ቋጠሮውን ቀስ አድርጎ ይፈታል። ልጅ ሆነን «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልሽ» ስንባባል የነበረው ደስታ ማለት ነው። መልሱ ሲነገርሽ «ለካ ዓይኔ ሥር ነበር!» የምትዪው ዓይነት።

ቦታው የረጅም መንገድ ባቡር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዋሽ ላይ ታጥፎ ወደ ወሎ ይወጣል። ሀዲዱ ተዘርግቶ እኛ ሳንሳፈርበት መቅረታችን ሁሌ ያንገበግበኛል። ስለዚህ በምናቤ አስነስቼዋለሁ። ጊዜው መስከረም ነው። መውሊድ፣ መስቀልና ግሸን አንድ ሳምንት ላይ የገጠሙበት ዓመት፣ ልክ እንደ 2016ቱ። ያኔ መውሊድ መስከረም 16፣ መስቀል 17፣ ግሸን ደግሞ እንደ ሁልጊዜው 21 ውሎ ነበር። ፉርጎው ውስጥ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄድ አለ። ወደ ግሸን ማርያም የሚሄድ አለ። እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ አለ።

ቀኑ ረቡዕ ነው። ምሳ ሲደርስ ሰው የቋጠረውን ያወጣል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። ረቡዕን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ሥጋ ቢሆን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለየብቻ ይበሉ ነበር። የጾም ምግብ ግን ሁላችንንም አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጠናል። ዘጠኝ ሰዎች ይበላሉ፣ ይጎራረሳሉ። ቡና አፍልተው ይጠጣሉ። ባቡሩ ደሴ ጣቢያ ሊገባ ሲል አንድ የእህል ነጋዴ፣ ዕድሜያቸው ስልሳ የሞላ፣ በተቀመጡበት ሞተው ይገኛሉ።

የተጣበቅኩት እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ትሪ ዘጠኝ ሰው በልቶ አንዱ ብቻ እንዴት ይሞታል? ደግሞስ ማን ይፍታው? እስካሁን የጻፍኩት ጡረታ የወጡ የአዲስ አበባ መርማሪ ናቸው። ሰውዬው አልሞቅ አሉኝ። እስቲ እርዱኝ።

---

ጋሽ ፉርጎ | ማክሰኞ ማታ 3፡15

ልጄ፣ እኔ ሀዲድ ላይ ነው ያረጀሁት። ድሬዳዋ ተወልጄ በድሮው ባቡር ስሠራ ኖሬ አሁን ኮምቦልቻ ልጄ ጋ ነኝ። ታሪክሽ ልቤን ነካው። ግን ላርምሽ።

ባቡሩ ደሴ አይገባም። መስመሩ ከአዋሽ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ፣ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ላይ ነው የሚያበቃው። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ስትሆን ደሴ 2,500 አካባቢ ናት። በዚህች አጭር መንገድ ያን ሁሉ ዳገት መኪና እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። ባቡር ግን ዳገት አይወድም።

ይህ ታሪክሽን ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ለደሴ ሰው መውረጃው ኮምቦልቻ ነው። ለባቲ ሰውም እንደዚያው። እዚያ በር ከተከፈተ ገዳዩ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከኮምቦልቻ በፊት መፈታት አለበት። ሰዓቱ ራሱ ልብ ያንጠለጥላል።

ሌላው ቡናው ነው። ይህ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ ከላይ ያለው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው የሚሸከመው። ፉርጎ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል አይታሰብም። ወይ በፔርሙስ ያዥላቸው፣ ወይ አዋሽ ላይ አስወርጃቸው። እኔ አዋሽን እመርጣለሁ። በድሮው ጊዜ እኛም አዋሽ ላይ ነበር የምናርፈው። ሰው ወርዶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እግሩን ያፍታታል። አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ያለች ቆላ ናት። ሙቀቱ ሰውን ከፉርጎ ያስወጣዋል። አሁን ደግሞ ወደ ጅቡቲና ወደ ወሎ የሚለያየው እዚያ ስለሆነ ባቡርሽ አንድ ሰዓት ቢቆም ማንም አይገረምም።

---

ቦርከና | ማክሰኞ ማታ 3፡50

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። ደሴ ጣቢያ የሚለውን ሳነብ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

እህቴ፣ መርማሪው ያልሞቁልሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? በፈረንጅ ታሪክ ባቡር ውስጥ ያሉት ሰዎች አይተዋወቁም። አንዱ የሌላውን ማንነት የሚያወጣ ባለሙያ ያስፈልጋል። በወሎ ፉርጎ ውስጥ ግን ሞጆ ሳትደርሺ «የማን ልጅ ነሽ?» ተብለሻል። አዳማ ላይ አክስትሽን የሚያውቅ ተገኝቷል። መተሐራ ላይ የማታውቂያት ሴትዮ ልጇን አስታቅፋሽ ተኝታለች። ምርመራው ግድያው ሳይፈጸም በፊት አልቋል እኮ!

ስለዚህ መርማሪዋ ቡና አፍዪዋ ትሁን። አዋሽ ጣቢያ ወርዳ ጥላ ሥር ረከቦቷን ዘርግታ ለሁሉም የምታፈላ መንገደኛ እናት። ቡና የሚያፈላ ሰው ሁሉንም ያያል። ማን ስኳር በዛብኝ አለ፣ ማን ጨው ጠየቀ፣ ማን ስኒውን ሳይጨርስ ተነሳ። ሰዓት እንኳ አያስፈልግሽም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለልሽ። «ሟቹ ጋ ማን ሄደ?» ሲባል «ከቶና በፊት» ወይም «በረካ ሳይቀዳ» ብላ ትመልሳለች። ከጣቢያው ሰዓት የበለጠ ይታመናል።

---

ቀጨኔ | ማክሰኞ ማታ 4፡20

ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ስጋት አለኝ። ሁሉም እየተጎራረሰ፣ ሁሉም እየተመራረቀ ታሪኩ ማር ብቻ እንዳይሆን። ወሎ ሲጻፍ ሁሌ ፍቅር፣ ውበት፣ መቻቻል ይባልና የሰው ቂም ይዘለላል። ሰው የሚገድል ሰው ቂም አለው። ገዳይሽ ከውጭ የገባ ሌባ እንዳይሆን አደራ። ከዘጠኙ አንዱ መሆን አለበት። ያጎረሰ፣ የጎረሰ፣ ቡና የጠጣ ሰው።

---

የጦሳ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡45

ቀጨኔ፣ እውነትህን ነው። እስካሁን ገዳዩን ከሌላ ፉርጎ ነበር ያመጣሁት። ፈርቼ ነው። እኛን የመሰለ ሰው እንዲያጠፋ አልፈለግሁም ነበር። አሁን ግን ከዘጠኙ አንዱ አደርገዋለሁ። ቂሙ የመሬት ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሟቹ በሐሰት መስክረው የአንድ ሰው መሬት ተወስዷል። ያ ሰው በሐዘን ሞተ። ልጁ አሁን አርባ ሞልቶታል፤ እዚያው ፉርጎ ውስጥ ተቀምጧል። ሟቹ አላወቁትም።

ግን የትሪው ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም። በጉርሻ ላድርገው አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። በጉርሻ መግደልን መጻፍ አልችልም።

---

ነርስ ከሐይቅ | ረቡዕ ጠዋት 1፡10

በጉርሻ አታድርጊው፣ እኔም አላነበውም ነበር።

ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ነው የማነበው። እንደ ጤና ባለሙያ ልናገር። የተባይ ማጥፊያ የሚል ሐሳብ ካለሽ ተዪው። ሽታ አለው፣ ምልክቱም ለማየት ያስጨንቃል። አንቺ የምትፈልጊው ለስላሳ ታሪክ ይበላሻል። አስተናግር ያልሽ እንደሆነም ሰው ይቃዣል፣ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። በጸጥታ ተቀምጦ አይሞትም።

ጥያቄሽን ግን ገልብጪው። ከትሪው ሁሉም በላ። ጀበናውም የጋራ ነው። ታዲያ መንገድ ላይ ሳለን ለየራሳችን ብቻ አፋችን ውስጥ የምናስገባው ምንድን ነው? ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት፣ አልመጣልኝም።

---

ባቲ ሰኞ | ረቡዕ ጠዋት 2፡30

መፋቂያ!

ወላሂ እንዳነበብኩት ነው የመጣልኝ። መፋቂያ የጋራ የለውም። ባልና ሚስት እንኳ አይዋዋሱትም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከምግብ በኋላ ይፍቃል። ጣቢያው ላይ ደግሞ መፋቂያ የሚያዞር ልጅ አይጠፋም።

እኔ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ነኝ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያ ስለሆነ የእንጨት ዓይነት እዚያ ነው የተማርኩት። ወይራና ክትክታ ይፋቃል። መረንዝ ግን አይነካም። በጥንት ጊዜ የቀስት መርዝ ከሱ ይወጣ ነበር። እረኛ የሆነ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማ ያደገ ሰው ግን ተልጦ በእጁ ቢሰጡት ከወይራ አይለየውም።

---

ነርስ ከሐይቅ | ረቡዕ ጠዋት 2፡55

ባቲ ሰኞ፣ ተባረክ! አዎ፣ መረንዝ የሚመታው ልብን ነው። ስልሳ የሞላቸው ሰው ከሆኑ፣ ሙቀትም ካለ፣ ፉርጎው በሙሉ «ልባቸው ነው» ብሎ ያልፋል። ማንም ግድያ አይጠረጥርም። ግን አስተማሪዋ፣ አደራ፣ ስሙን ብቻ ጠቅሰሽ እለፊ። አሠራሩን አትዘርዝሪ። ታሪኩ አያስፈልገውም።

---

ቦርከና | ረቡዕ ጠዋት 3፡05

ቆይ ቆይ! ይህ ከቡናው ጋር ገጠመ እኮ!

አቦል ሲቀዳ ሟቹ አፋቸው ላይ ያረጀ፣ ጫፉ የተበታተነ መፋቂያ ነበር። በረካ ሲቀዳ አዲስ መፋቂያ ይዘዋል። ቡና አፍዪዋ አይታለች፤ ግን ያኔ ምኗም አልነበረም። አንባቢውም ያያል፣ ምንም አይመስለውም። ታዲያ በመሃል ማን አጠገባቸው ተቀመጠ? ቶና ላይ ያለው ሰው ነው። ፍንጩ እንደ እንቆቅልሽ ሕግ ከፊታችን ተቀምጦልናል፤ ማንም ተታለልኩ አይልም።

---

ጠበቃው ከወረኢሉ | ረቡዕ ቀን 7፡20

ይህን ክር በምሳ ሰዓቴ እያነበብኩ ምሳዬ ቀዘቀዘ።

አንድ ፍንጭ ላዋጣ። ሥራዬ የሰውን ቃል መስማት ነው። ሰው ሲዋሽ ነገሩን ያስተካክላል፣ ግሡን ግን አያስተካክልም። ሰውዬው በተቀመጡበት ሞተው ሲገኙ ፉርጎው ውስጥ ያለው ሁሉ ምን ይላል? «ሞቱ እንዴ?» «ምነው፣ ምን ሆኑ?» ወሎ ውስጥ ስልሳ ዓመት የሞላውን የማታውቀውን ሰው አንቱ ነው የምትለው፤ ሕፃን ሳለን የለመድነው ነው። ያ የአርባ ዓመቱ ሰው ግን ደንግጦ «ሞተ?» ይላል። አንዲት ቃል ናት። አንተ የሚባለው ወይ በጣም የቀረበህ ሰው ነው፣ ወይ በልብህ ለሠላሳ ዓመት የረገምከው። እሱ ደግሞ «አላውቃቸውም» ብሏል።

ይህ ፍንጭ በእንግሊዝኛ አይጻፍም። ለዚህ ነው የወደድኩት።

ስለ ሕጉም ልበል። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ የሚባል አለ። አስቦና ተዘጋጅቶ በመርዝ የገደለ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። መንገደኞቹ ሰውየውን እንዳይደበድቡት፣ ተናዘዝ ብለው እንዳያስጨንቁት። ያለመናገር መብት አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ከዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ለባቡር ታሪክ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

---

የከሚሴ ልጅ | ረቡዕ ማታ 1፡00

የባቡሩ ነገር አያቴ ያወሩልኝን አስታወሰኝ። በድሮ ጊዜ አንድ መንደር ውስጥ ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ትልቅ ትንሹ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። እህሉ ይረግፋል፣ ከብቱ ይጮኻል፣ ሰው እዚያው ነው። አያቴ «ሜዳው አጥር የለውም፣ ግን ማንም አይወጣም» ይሉ ነበር። ያንቺ ፉርጎም ያው አውጫጭኝ ነው። በላዩ ላይ ግን ይሮጣል።

እኔ የምለው አንድ አበጋር አስገቢ። እኛ ጋ ደም ሲፈስ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቁት አበጋሮች ናቸው። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። አበጋር «ማን ገደለ?» ብሎ ብቻ አያቆምም። «ይህ ደም ከየት ጀመረ?» ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሠላሳ ዓመቱን የሐሰት ምስክርነት ከሱ በቀር ማን ያወጣዋል?

---

ቦርከና | ረቡዕ ማታ 1፡25

አበጋሩን እወዳለሁ። ግን እንደ ሁልጊዜው ሽማግሌው ሁሉን ፈትቶ እናትየዋ ስኒ ስታጥብ እንዳትቀር። መፋቂያውን ያየችው እሷ ናት። «ሞተ» የሚለውን የሰማችውም እሷ ትሁን። ደግሞ ነገሩ በእርቅ አልቆ ሰውዬው ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። የሟች ልጆችም አሉ።

---

ጠበቃው ከወረኢሉ | ረቡዕ ማታ 1፡50

አይሄድም። እርቅ የግድያ ክስን አያስቀርም። ከልብ መጸጸቱ ቅጣት ሲወሰን ሊታይለት ይችላል እንጂ ፍርድ ቤቱ አይቀርም። አበጋሩ የሚሠራው ለሚቀጥለው ሠላሳ ዓመት ነው፤ የሟች ልጅ ደግሞ በተራው ሌላ ባቡር ላይ እንዳይሳፈር።

---

ነርስ ከሐይቅ | ረቡዕ ማታ 2፡10

አንድ የረሳነው ነገር አለ። ቅሬው፣ የኛ ዕድር!

ሰው ሞቶ ወሎዬ ዝም ብሎ ፍንጭ አይፈልግም። መጀመሪያ ሟቹን ይሸፍናል። ነጠላ ይመጣል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ከዚያ አንዱ ደብተር ያወጣና ለቤተሰባቸው ብሎ ገንዘብ ይሰበስባል። ፉርጎው በአሥር ደቂቃ ቅሬ ይሆናል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ክፉ ቢሆኑም ይለቀስላቸዋል። ይህን ካልጻፍሽ ወሎ አልሆነም።

ፍንጩም እዚያ ይኑር። ሰው ገንዘብ ሲያወጣ ስሙን ከነአባቱ ያስጽፋል። ሰውዬው ጠዋት «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሆነ የአባት ስም ተናግሮ ነበር። ማታ ደብተሩ ላይ ግን እጁ የለመደውን እውነተኛውን ጻፈ። አልቅሶ ደንግጦ ስለነበር አላስተዋለም። የገደለውን ሰው አልቅሶለት፣ አዋጥቶለት።

---

ቀጨኔ | ረቡዕ ማታ 2፡30

«የገደለውን ሰው አልቅሶለት፣ አዋጥቶለት።» ትናንት የፈራሁት ማር አሁን የለም። አመሰግናለሁ።

---

የጦሳ ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡30

ትናንት ሌሊት አልተኛሁም። የአዲስ አበባውን መርማሪ አስወጣሁ። አበጋሩ ገቡ፤ መስኮት ዳር ነው የሚቀመጡት፤ ሲጠየቁ ብቻ ይናገራሉ። የምትፈታው ቡና አፍዪዋ ናት። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ መብራት ይጠፋል፤ ጨለማው ውስጥ ደብተሩ ሊሰረቅ ይሞከራል። ይህን ከጋሽ ፉርጎ ጋር በስልክ ተነጋግረን ነው ያስገባሁት፤ መስመሩ ላይ ዋሻ እንዳለ እሳቸው ነገሩኝ።

የመጨረሻውን ገጽ ላካፍላችሁ።

«ባቡሩ ቀስ አለ። የኮምቦልቻ መብራት በመስኮቱ መታየት ጀመረ። ሰዉ ዕቃውን ከላይ ማውረድ ጀምሯል። እሷ ግን አልተነሳችም። ባዶ ስኒዎቿን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። ከፊቷ የተቀመጠውን ሰው አየችው። ከአዋሽ ጀምሮ ቦርሳዋን የተሸከመላት እሱ ነው። ለልጅ ልጇ ብርቱካን የላጠላትም እሱ ነው። ደብተሩን ዘርግታ ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች። ድምፅዋ እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ፦

"ልጄ፣ ጠዋት ጠይቄህ ነበር። አሁን ደግሜ ልጠይቅህ። የማን ልጅ ነህ?"

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የአባቱን ስም ነገራት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ጠርቶት አያውቅም ነበር። አበጋሩ ከመስኮቱ ዞር አሉ። ያን ስም ያውቁታል።»

---

የከሚሴ ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡50

አፈር ስሆን፣ አበጋሩ ከዚያ በኋላ ምን አሉ?

---

የጦሳ ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡55

ገና አልጻፍኩትም። አያትህ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? እስቲ ጠይቅልኝ።

---

የከሚሴ ልጅ | ሐሙስ ማታ 4፡00

አያቴ አርፈዋል። ታላቅ ወንድማቸው አሉ፤ እሳቸውም አበጋር ናቸው። ቅዳሜ ሄጄ ሙሉውን አነብላቸዋለሁ። የሚሉትን ቃል በቃል ጽፌ አመጣልሻለሁ።

---

ጋሽ ፉርጎ | ሐሙስ ማታ 4፡10

አብሽሪ ልጄ፣ አልቆልሻል ማለት ነው። አንድ ብቻ፦ «ባቡሩ ቀስ አለ» ብለሽ አትለፊው። ባቡር ጣቢያ ሲገባ መጀመሪያ ወለሉ ነው የሚነግርሽ። እግርሽ ሥር ያለው ንዝረት ይቀየራል፣ ስኒው ከስኒው ይነካካል፣ ከዚያ ነው ፍሬኑ የሚሰማው። ስኒዎቹ ጭኗ ላይ ናቸው አይደል? ከሰውዬው መልስ በፊት እነሱ ኳ ይበሉ።